አንድ ዓመት የዘገየ ዋንጫ

ሎማ አልታ
ጃንዋሪ 21 ቀን 1987

ለዶኛ ኦኔይዳ
ፑንታ ኮራል

ደብዳቤሽ ትናንት በሾፌሩ በሉሎ አውቶቡስ ደረሰኝ። ጤናሽን አልጠይቅሽም። ከተማችሁ ከእሑድ ጀምሮ ሲጨፍር በሬዲዮ ስሰማ ስለሰነበትኩ በፑንታ ኮራል የታመመ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም አለሁ። የትምባሆው ቅጠል መጋዘን ገብቷል፤ ስመርጥና ሳስር እውላለሁ። ይህችን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ መቆሙን ታውቂያለሽ፤ በአንድ ወንበር ነበር የምንቀመጠው። አንቺ ቀጠልሽ፣ እኔ ቀረሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። የጻፍኩት ቢመርሽ በችኮላ ያመለጠኝ እንዳይመስልሽ።

የዋንጫውን የቤዝቦል ጨዋታ ሰምተሽው ይሆን ወይ ብለሻል። ሰማሁት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሞቼ ሬዲዮውን አጥሩ ላይ አስቀምጠውት ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን ተሰብስቦ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮቱ እሰማለሁ። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ላይ እናንተ በአንድ ነጥብ ትመሩ ነበር። የኛ ሁለት ሯጮች ሜዳ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሁለት ሰው ተቃጥሎብናል፣ ሦስተኛው ከተቃጠለ ጨዋታው አለቀ። የኛ መቺ ኳሷን ወደ ላይ አነሳት። ተናጋሪው «ትሄዳለች፣ ትሄዳለች» ሲል ወንድሜ ኤውሄኒዮ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ተናጋሪው ዝም አለ። ኳሷ መሬት ሳትነካ በናንተ ሰው ጓንት ውስጥ መግባቷን ያወቅነው ከዝምታው ነው። ቀጥሎ የሰማሁት ሰውዬው ሲያለቅስ ነበር። በሬዲዮ የሚያለቅስ ወንድ ሰምቼ አላውቅም። ኋላ ስታዲየሙ በሙሉ ሲያለቅስ ተሰማ። አርባ አራት ዓመት ጠብቆ ዋንጫ ሲያገኝ የሚያለቅስ ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? እኛ ጭልፊቶች ስናሸንፍ እንስቃለን፣ አሳማ እንጠብሳለን፣ ጎረቤት እናናድዳለን። እናንተ ግን ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት።

ማሸነፋችሁን አልክድም። ወርዋሪያችሁ ክንዱ ደህና ነው። ነገር ግን ምን እንደወሰዳችሁብን ልንገርሽ። የናንተ መውደቅ ለኛ ከዓመት በዓሎች አንዱ ነበር። አባቴ ሲሞት ቤቱን ለወንድሞቼ፣ በናንተ በሸርጣኖች መሳቅን ደግሞ ለኔ አወረሰ። ሸርጣን በወደቀ ዓመት፣ ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን የካንዴላሪያ በዓል ሲደርስ ሎማ አልታ በሙሉ ሸርጣን በኮኮናት ወተት ይሠራል። ድስቱ መንገድ ዳር ይጣዳል፤ ልጆቹ «ሸርጣን ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መቼ ሄዶ ያውቃል» እያሉ ይዘፍናሉ። እኔም የሸርጣኑን ትልቅ መቆንጠጫ በጋዜጣ ጠቅልዬ በሉሎ አውቶቡስ እልክልሽ ነበር። ጭልፊት የወደቀ ዓመት ደግሞ አንቺ የዶሮ አንገት ትልኪልኛለሽ። ስንት ዓመት ሳቅንበት። ዘንድሮ በሎማ አልታ ድስት የሚጥድ የለም። የኔም ሳቅ አልቋል፤ ያለቀው ግን በናንተ ዋንጫ እንዳይመስልሽ።

ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ። በልጄ በራዳሜስ ሙት ዓመት ዕለት፣ ፌብሩዋሪ ሦስት ቀን፣ የሸርጣንን ብርቱካንማ ባንዲራ አምጥተሽ መቃብሩ ላይ ልታስሪ ትፈልጊያለሽ። አይሆንም። ልጄ የጭልፊት ልጅ ነው። አያቱ በተጫወተበት በነጭና ጥቁሩ ማልያ ነው የቀበርኩት። ይህን በዓይንሽ አይተሻል።

ክርስትና ያነሳሽው አንቺ ነሽ፤ ለጸሎቱ አትምጪ ብል ቄሱ ይቆጣኛል። ነይ። ጥቁር ልበሺ፣ ጸልዪ፣ ምሳ ብዪ፣ ተመለሺ። ባንዲራ ይዘሽ ብትመጪ ግን የሚሆነውን አስቀድሜ ልንገርሽ። የልጄ መቃብር ሙታን በረድፍ ተደራርበው በሚቀበሩበት ግንብ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነው። እዚያ የሚያደርሰው የመቃብር ጠባቂው መሰላል ብቻ ነው። መሰላሉ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከታች ሰው ጥርቅም አድርጎ ካልያዘው ይንሸራተታል። በሎማ አልታ ለሸርጣን መሰላል የሚይዝ ሰው አታገኚም። እኔም እጄን አጣጥፌ አይሻለሁ።

ልጄ ያን ሰኞ ጠዋት ወደናንተ በሚያወርደው መንገድ፣ በድልድዩ መታጠፊያ ላይ፣ ከነሞተር ብስክሌቱ ወድቆ ስለምን እንደተገኘ ሰው የሚለውን ሰምተሻል። የክርስትና እናቱ ጠርታው ነው ይላሉ። ሰው የሚለውን አንድም ቀን አላስተባበልኩም።

የራዳሜስ እናት
ኤርሲሊያ


ፑንታ ኮራል
ጃንዋሪ 23 ቀን 1987

ውድ አበልጄ ኤርሲሊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፖስታው ላይ «ዶኛ» የሚለውን የእመቤት መጠሪያ ሳይ ደብዳቤው ለባሌ እናት የመጣ መስሎኝ ልመልሰው ነበር። እሷ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ የእጅ ጽሑፍሽን አየሁና ለኔ መሆኑ ገባኝ፤ ተቀመጥኩ። ሃያ አራት ዓመት «አበልጄ» ስትዪኝ ኖረሻል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገሩን ሳላስረዳ በደረቁ ጠየቅኩሽ። በኀዘንሽ ላይ ልሳለቅ የመጣሁ መስሎሽ ይሆናል። እዚህ እኮ ሽማግሌ ሲሞት ሁለት ነገር ይናዘዛል፤ አንዱን ስለ ቤቱ፣ ሁለተኛውን «ሸርጣኖች ያሸነፉ ዕለት መጥታችሁ ንገሩኝ» ብሎ። አርባ አራት ዓመት እንደዚህ ሲሉ የሞቱ ሰዎች መቃብሩን ሞልተውታል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሥራ የገባ ሰው የለም። ሁሉም ባንዲራ ይዞ ወደ መቃብር ወረደ። እኔ ስሰፋ ነው ያደርኩት። ብርቱካንማ ጨርቅ ከየሱቁ ስላለቀ የሳሎኑን መጋረጃ ቀደድኩት፤ አሁን መንገደኛው ሁሉ ምሳ ስንበላ ያየናል። መቃብሩን ብታዪው የብርቱካን እርሻ ነበር የሚመስለው።

ባሌ ኔፖ አባቱ መቃብር ላይ ተቀመጠና ጨዋታውን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ነገረው። እኔ ፀሐዩ በረታብኝ፣ አሳጥርለት አልኩት። «አርባ አራት ዓመት የጠበቀ ሰው ግማሽ ሰዓት ያንሰዋል?» አለኝ። ሰባተኛው ዙር ላይ ሲደርስ፣ እናንተ ሦስት ነጥብ ያገባችሁበት ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ አባባ፣ መጨረሻው ጥሩ ነው» አለው። አባቱ ልቡ ደካማ ነበር።

ተናጋሪው ማልቀሱን አልወደድሽውም። እኛም አልቅሰናል። ለዋንጫው ብቻ እኮ አይደለም። ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አጠገቡ የሌለውን ሰው ነበር የሚፈልገው።

ራዳሜስ ግን የሚነግረው የለም። የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የጭልፊት ልጅ ነው ያልሽውን አንብቤ አንድ ሌሊት ዝም ለማለት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የራዳሜስን የሸርጣን ኮፍያ ልኬልሻለሁ። ከጓዳዬ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ነበር የሚሰቅለው። ወደ ሎማ አልታ ሲመለስ እዚያው ትቶት ይሄዳል፤ አንቺ እንዳታዝኚ ብሎ ነው። ውስጡን ገልብጪው፣ ስሙን ጽፎበታል። ይህን የማደርገው ልነጥቅሽ አይደለም። ልጅሽ ነው፤ ግን ዋንጫውን የሚጠብቀው ከኛ ጋር ነበር።

ዘንድሮ መቆንጠጫ አልመጣልኝም። የላክሽውን ሁሉ በልተነዋል፣ አንድም ተቀይሜ አላውቅም። ኔፖ ጥቅሉን ባየ ቁጥር «ይቺ ጭልፊት መቼ ነው የምትደክመው?» እያለ ቀድሞኝ ይሰብረው ነበር።

ስለዚያ መንገድ ሰው የሚለውን ጽፈሽልኛል። ዓመት ሙሉ አልመለስኩም፣ አሁንም አልመልስም።

አበልጅሽ
ኦኔይዳ


ሎማ አልታ
ጃንዋሪ 25 ቀን 1987

ለዶኛ ኦኔይዳ

አሁንም ዶኛ ብዬሻለሁ። ለባልሽ እናት ሳይሆን ላንቺ ነው።

ኮፍያው ትናንት ደረሰ። ሉሎ ከረጢቱን ለኤውሄኒዮ ሰጥቶት ኖሮ፣ እኔ ከመጋዘን ሳልመለስ ፈትቶ አይቶታል። ስገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ሞተ አይጥ ከሩቅ ያየዋል።

«ከዚያች ሴት ነው» አለኝ። ስምሽን አይጠራም፤ ዓመት ሆነው። «እሳት ውስጥ ልክተተው ወይስ ለውሻው ላልብሰው?»

ተወው አልኩት።

«ልክ ነሽ፣ ለውሻውም ነውር ነው» ብሎ ወጣ።

ስሙን አየሁት። እርሳሱ ደብዝዟል። የመጀመሪያዋን ፊደል እግር ከመስመሩ በታች ያወርዳታል። እንደሱ አድርጎ መጻፍ የተማረው ከኔ ነው፤ እኔም በስህተት ነው የማወርዳት። ስለዚህ ማስረጃሽ ደርሶኛል። አሁን ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው? የመካኒክነት ትምህርት ይማር ብዬ ሁለት ዓመት ቤትሽ አስቀመጥኩት። ጭልፊት ላክሁልሽ፣ ሸርጣን አድርገሽ መለስሽልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጄን ሰረቀኝ እለው ነበር። አንቺ አበልጅ ስለሆንሽ ምን እንደሚባል አላውቅም።

«የሚጠብቀው ከኛ ጋር ነበር» ብለሻል። ከናንተ ጋር የጠበቀ ሁሉ መጨረሻው የመቃብር ግንብ ውስጥ ነው፤ አንቺው ራስሽ ጽፈሽልኛል።

መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ አሁንም ስለ ጨዋታው ነው የሚያወሩት። አንዷ አሠልጣኙ ወርዋሪውን አስቀድሞ መቀየር ነበረበት ትላለች። ሌላዋ ዳኛው ዓይኑ ታውሯል ትላለች። ለሚመጣው የኦክቶበር ውድድር ከወዲሁ የሚዝቱም አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቅጠሌን አስራለሁ። እነሱ የተናደዱት በመሸነፋችን ነው፤ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚያናድደኝ። ጭልፊቶች ሲያሸንፉ ደስታዬ ግማሽ ነበር፤ ሌላው ግማሽ የናንተ መውደቅ ነው። ይህን ያህል ከናንተ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንም ደጋፊያችሁ እንደኔ አልቆጠራችሁም። ስለዚህ አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለኝ። አርባ አራት ዓመት ከጠበቃችሁ፣ በአርባ ሦስተኛው ብትወስዱት ምን ነበረበት? አምና የነበራችሁ ሰዎች የዘንድሮዎቹ ናቸው። ወርዋሪው ያው ነው፣ ክንዱ ያው ነው። አምና በናንተ ሜዳ፣ በገዛ ሕዝባችሁ ፊት ኳስ ከእጃችሁ እየወደቀ ተሸነፋችሁ። ዘንድሮ አልወደቀባችሁም። አምና ለምን ወደቀ? አምና ብታሸንፉ ኖሮ

ይህን መስመር አልጨርሰውም። ላጠፋው ነበር፤ ወረቀት ስለሌለኝ ተውኩት።

ሰው ሁሉ የሚለኝ «አይ ራዳሜስ፣ ይህን ሳያይ» ነው። የኛዎቹ እንኳ ይላሉ፤ ወዲያው አፋቸውን ይይዛሉ። እኔ ይህን ዋንጫ ባላየው ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር መልሺልኝ። ሐኪም ቤቱ ለናንተ ስለሚቀርብ ከኔ ቀድመሽ ደርሰሻል። ያን ቀን በእጅሽ የሰጡሽን ዕቃውን ሁሉ ሰጥተሽኛል ወይ? ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ ፈልጌ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ሁሉንም ከሰጠሽኝ «አዎ» ብለሽ ጻፊና ይብቃን። ሌላ ነገር አትጨምሪ።

ባንዲራው እንዳልኩሽ ነው። አይሆንም።

ኤርሲሊያ


ፑንታ ኮራል
ጃንዋሪ 27 ቀን 1987

ኤርሲሊያ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍም። ሁለት ጊዜ ዶኛ ተብያለሁ፣ ይበቃኛል።

ልጁን ማንም አልለወጠውም። አንድ እሑድ ስድስት ለባዶ ተሸንፈን ከስታዲየም ስንመለስ ኔፖ ድንጋይ በእግሩ እየመታ መንገዱን ሙሉ ይሳደባል። ራዳሜስ የናንተን ነጭና ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ይከተለናል። ይሳለቅብናል ብዬ ስጠብቅ፣ ደረሰበትና ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ ሐሙስም ጨዋታ አለ» አለው። ሐሙስ ዕለት ከኔፖ ጋር አብሮ ሄደ። ሌላ ያደረግነው ነገር የለም። የጠንቋይ መድኃኒት አላበላሁትም።

«አዎ» ብለሽ ብቻ ጻፊ ብለሽኛል። አልጽፍም፣ ውሸት ስለሆነ።

ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ጫማውን፣ የአንገት መስቀሉን ሰጥቼሻለሁ። ያልሰጠሁሽ አንድ ነገር አለ። ሸሚዙ ውስጥ ያገኙት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በትምባሆ ክር የታሰረ ጥቅል ነው። አልፈታሁትም። መፍታትም አላስፈለገኝም፤ የኮኮናት ወተት ይሸታል፣ ቋጠሮውም ያንቺ ነው። የቅጠሉ እስር እንዳይላላ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባው። በአሥራ ሁለት ዓመታችን በአንድ አግዳሚ አስቀምጣ ያስተማረችን እናትሽ ናት። ሁላችንም ጫፉን ወደ ቀኝ እናወጣለን። አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ ወደ ግራ ታወጪዋለሽ። በዚያ መጋዘን ወደ ግራ የሚያወጣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ነርሷ ይህ ምንድን ነው አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ የተላከው ለኔ ነው። ጓሮዬ ከማንጎው ሥር ቀበርኩት። ለኔፖ አልነገርኩትም፣ ለቄስም አልተናዘዝኩትም።

ቀብሩ ላይ ወንድምሽ ፊቴ ላይ ሲተፋ ምራቁን በነጠላዬ ጠርጌ ቆምኩ። ሰዉ ኦኔይዳ ጠርታው ነው ሲል፣ አዎ፣ ቁርስ ሠርቼ ጠርቼው ነው አልኩ። እናት ይህን ከምትሸከም የክርስትና እናት ትሸከመው ብዬ ነበር። እችለውም ነበር፣ ኤርሲሊያ። አንቺ ራስሽ ደጋግመሽ ባትጭኚብኝ እችለው ነበር።

እኔ አልጠራሁትም። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ለሌላ ሰው አልተነፍስም። ባንዲራውን ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም አልተነፍስም፤ በዚህ እንዳትሰጊ። ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጥቁር ለብሼ ባዶ እጄን እመጣለሁ።

ኦኔይዳ


ሎማ አልታ
ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1987

አበልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ጀምሬ ዛሬ እሑድ ነው የምጨርሰው። እንደምን አለሽ? ዛሬ የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም። ነገ ሉሎ ያደርስልሻል፤ ሳትነሺ እንዲደርስሽ አጥብቄ እነግረዋለሁ።

ቋጠሮው የኔ ነው።

ልጄ ከመሞቱ በፊት በነበረው ገና ልብስ ሳጥብ ከራዳሜስ ሱሪ ኪስ ብርቱካንማ መሐረብ ወጣ፤ ስታዲየም ውስጥ የምታውለበልቡት ዓይነት። ሳላየው ከአባቴ ማልያ ጋር ዘፍዝፌው ኖሮ የማልያው ነጩ ብብቱ ሥር ብርቱካንማ ሆነ። ሦስት ጊዜ በሎሚ አሸሁት፣ አልለቀቀም። ልጄን አንድ ቃል አልተናገርኩትም። መሐረቡን አድርቄ፣ አጣጥፌ ኪሱ መለስኩት። ልቤ ውስጥ ግን ቀን እጠብቅለት ነበር።

ቀኑ መጣ። እናንተ ወደቃችሁ፣ ካንዴላሪያ እሑድ ላይ ዋለ፣ ድስቱን ጣድኩ። ሎማ አልታ በሙሉ ሲበላ ራዳሜስ ሆዴን አሞኛል ብሎ አልቀመሰም። ቢቀምስ ኖሮ እተወው ነበር ብዬ ዓመት ሙሉ ለራሴ ነግሬያለሁ፤ እተወው እንደሆነ ግን አላውቅም። በማግስቱ የሉሎ አውቶቡስ ተበላሽቶ እስከ ረቡዕ እንደማይሄድ ሰማሁ። መቆንጠጫውን ጠቅልዬ አሰርኩና ራዳሜስን ጠራሁት። ሞተር አለህ፣ አንተ አድርስላት አልኩት።

ጥቅሉን አየው። ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ እንዳወቅኩበትም በዚያች ሰዓት ገባው፤ ከፊቱ ላይ አየሁት።

«እማዬ፣ ረቡዕ ሉሎ አያደርሰውም?» አለኝ።

«ረቡዕ ይሸታል» አልኩት። «ደግሞ ካንተ እጅ ስትቀበለው የበለጠ ደስ ይላታል።»

ሳቀ። አሳሳቁን ታውቂዋለሽ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብሮ። ጥቅሉን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። «ምናለበት፣ እሷ ጋ ቁርስ አለ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ቁርስ ሠርቼ ጠርቼው ነው ማለትሽን ሳነብ ይህን ከየት ሰማሽው ብዬ ደነገጥኩ። ከየትም አልሰማሽውም። ታውቂው ስለነበረ ነው።

ሰዎች ሸርጣኖች ጠርተውት ነው ማለት የጀመሩት በቀብሩ ዕለት ነው። እኔ አላልኩም። ዝም አልኩ፣ እነሱ ሲሉም ሰማሁ፣ ኋላም እኔ ራሴ አመንኩት መሰለኝ። መጀመሪያ ደብዳቤዬ ላይ አላስተባበልኩም ብዬ ጻፍኩልሽ። ይህን ነው ይቅር እንድትዪኝ የምለምንሽ። ሌላውን የምለምነው ካንቺ አይደለም።

ዋንጫችሁን ስለምን እንደጠላሁት አሁን ይገባሻል። ኳሷ ጓንት ውስጥ ገብታ ያ ሰውዬ ማልቀስ ሲጀምር እኔ ወጥ ቤት ቆሜ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምለው። አምና። አምና ብታሸንፉ ድስት አልጥድም። ድስት ካልጣድኩ ክር አልቋጥርም። አንድ ዓመት ዘገያችሁብኝ። እናንተ ያን ዕለት አጠገባችሁ የሌለውን ሰው ዞራችሁ ስትፈልጉ እኔ የት እንዳለ አውቅ ነበር፣ ማን እንደላከውም አውቅ ነበር። ስለዚህ አሁንም እጠላችኋለሁ። ይህ ይለወጣል ብለሽ እንዳትጠብቂ። ለሚመጣው ኦክቶበር ሬዲዮው አጥሩ ላይ ይወጣል፣ እኔም እንድትወድቁ እጸልያለሁ። ድስት ግን አልጥድም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሞቼን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሐረቡንም፣ ጥቅሉንም፣ የማንጎውን ዛፍም። ትንሹ አለቀሰ። ኤውሄኒዮ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ብዙ ቆየ።

«ፊቷ ላይ ተፍቻለሁ» አለ።

አዎ አልኩት።  ማክሰኞ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሚቀበልሽ እሱ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ይናገርሽ አይናገርሽ አላውቅም። ዕቃሽን ስጪውና ከኋላው ነይ።

ባዶ እጅሽን አትምጪ። ባንዲራውን አምጪው። ትንሽ ይሁን፣ የጎረቤቶቹን መቃብር እንዳይሸፍን። ልጄን የቀበርኩበት ማልያ ያ መሐረቡ ቀለም ያስያዘው ማልያ ነው። እድፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ነበር ያለበስኩት፣ አንቺ አላየሽውም። ቀለማችሁ ከባንዲራሽ ቀድሞ እዚያ ገብቷል።

ኔፖም ይምጣ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይንገረው። ውጤቱን ግን ለአባቱ እንዳደረገው አስቀድሞ እንዳይነግረው፤ ራዳሜስ መጨረሻውን ቀድሞ መስማት አይወድም። የኛ መቺ ኳሷን ያነሳበትንም እንዳይዘለው። ጥሩ ምት ነበረች።

ስትደርሺ አትቀፊኝ። ከተቃቀፍን ጸሎቱን መጨረስ አልችልም። ኮፍያውን ይዤው እመጣለሁ፤ ውሻው አልለበሰውም። ባንዲራውን እኔ አላስርም፣ እጄ እምቢ ይላል። የምታስሪው አንቺ ነሽ፣ በደንብ አድርገሽ፣ እናቴ ባስተማረችን ቋጠሮ።

መሰላሉን ሌላ ሰው እንዳትለምኚ። እኔ እይዝልሻለሁ።

አበልጅሽ
ኤርሲሊያ